የተሰረዘ ቁጥር ይሻለኛል

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ስናይፐሮች የያዙት ጠብመንጃ ሰደፉ ላይ፣ ተኳሹ አውራ ጣቱን በሚያሳርፍበት ቀጭን አንገት አናት ላይ፣ ቁጥር ተመትቶ ይገኛል። የጠብመንጃው ቁጥር አይደለም። ከላዩ የሚጫነው የማነጣጠሪያ መነጽር ቁጥር ነው። አንዳንዴ ያ ቁጥር በመስመር ተሰርዞ አጠገቡ ሌላ ቁጥር ይመታል። ብዙ ገዢ ይህን ሲያይ ፊቱን ያዞራል፤ «ተቀይሯል፣ ኦሪጅናል አይደለም» ብሎ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ያልፋል። እኔ ግን እንዲህ ያለውን ሳገኝ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ።

ምክንያቱም ያ ሰረዝ የአንድ የጦር መሣሪያ ጠጋኝ እጅ ነው። መነጽሩ ተሰበረ፣ ወይም ውስጡ ውሃ ገባ፣ ወይም ጠፋ፤ ከግምጃ ቤት ሌላ መጣ፤ ጠጋኙ አሮጌውን ቁጥር ሰርዞ አዲሱን መታ። አሮጌው ግን ዛሬም ይነበባል። ያ ሰው የደበቀው ነገር የለም። ፎርጅድ የሚሠራው ሰው ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፦ አሮጌውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ያጠፋና ባዶው ቦታ ላይ ገበያ የሚወደውን ቁጥር ይመታል። ሁለቱም ቁጥር ቀይረዋል፤ አንደኛው ታሪክ ጨመረ፣ ሁለተኛው ታሪክ ቀማ። በዚህ ገበያ ላይ በብርቱ የሚያናድደኝ ነገር ቢኖር፣ የመጀመሪያው ርካሽ፣ የሁለተኛው ውድ መሆኑ ነው።

የአሮጌ ወታደራዊ መነጽር ነገር የያዘኝ ሰሜን ቨርጂኒያ ከመጣሁ በኋላ ነው። ቻንቲሊ ውስጥ በሚካሄደው ትልቁ የጠብመንጃ ትርዒት አዳራሽ፣ አንድ የእጅ ባትሪና አንድ አጉሊ መነጽር በኪሴ ይዤ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እዞራለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳልገዛ እመለሳለሁ፤ ማየቱ ራሱ ትምህርት ነው።

ስለ እንግሊዙ መነጽር ትንሽ ላብራራ። ስሙ «ቁጥር 32» ነው። መጀመሪያ የታሰበው ለብሬን መትረየስ ነበር፤ ከ1942 ጀምሮ ግን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሊ-ኤንፊልድ ቁጥር 4 በሚባለው ጠብመንጃ ላይ ተጭኖ ለስናይፐሮች ተሰጠ። የሚያጎላው 3 እጥፍ ብቻ ነው። ከፋብሪካ ሲወጡ ኢላማ በደንብ የሚመቱት ጠብመንጃዎች እየተመረጡ ለንደን ወደሚገኘው ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ይላኩ ነበር፤ በሰላሙ ጊዜ ለመኳንንት የአደን ጠብመንጃ የሚሠራው ቤት ማለት ነው። እዚያ በግራ ጎናቸው ሁለት የብረት መቀመጫዎች በቪቴ ይታሰሩባቸዋል፣ ሰደፋቸው ላይ የጉንጭ ማሳረፊያ እንጨት ይጨመራል፣ የመነጽሩ ማሰሪያ ለዚያ ጠብመንጃ ተብሎ ይስተካከላል። እንዲህ የተሠሩት ከ20 ሺህ በላይ ናቸው። ከሰደፉ ሥር «ኤስ 51» የሚል ምልክት ካያችሁ የዚያ ቤት መለያ ነው። ከጠብመንጃው አካል በስተግራ ደግሞ «ቲ» የምትል ፊደል ተመትታለች።

ቁጥሮቹ እርስ በርሳቸው የሚመሰክሩት እንዲህ ነው፦ የጠብመንጃው ቁጥር በማሰሪያው ላይ ይመታል፣ የመነጽሩ ቁጥር በሰደፉ አንገት ላይ። ይህ የቅርስ ሰብሳቢ አባዜ አይደለም። ማሰሪያው ለአንድ ጠብመንጃ ብቻ ስለተስተካከለ ወደ ሌላው ሲዛወር መነጽሩ የሚያየው ቦታና ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታ ይለያያል። «ዓይነት 97» የሚባለው የጃፓን ስናይፐር ጠብመንጃ በዚህ ረገድ የባሰ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ መነጽሮች ተኳሹ የሚያስተካክልበት ማዞሪያ ስላልነበራቸው ከፋብሪካ ለዚያው ለአንዱ ጠብመንጃ ተስተካክለው ነው የሚወጡት። ከጠብመንጃቸው ከተለዩ የሚያዩት ሌላ፣ የሚመቱት ሌላ ይሆናል። ለዚህ ነው ወታደሮቹ ቁጥር የመቱት፤ በጦር ሜዳ እንዳይቀላቀልባቸው።

አሁን ወደ ቁጥሩ ራሱ ጠጋ እንበል። የእጅ ባትሪውን ፊት ለፊት አታብሩበት፤ በጎን፣ ከብረቱ ጋር ሊተኛ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ዝቅ አድርጋችሁ አብሩበት። በመምቻ የተመታ ብረት የትም አይሄድም፤ ወደ ጎን ይገፋል። ስለዚህ በእያንዳንዱ አሃዝ ዙሪያ ትንሽ ያበጠ ከንፈር ይታያል። ቀለሙ ወይም ጥቁረቱ ከምቱ በኋላ የመጣ ከሆነ ያንን ከንፈር አልፎ እስከ አሃዙ ወለል ድረስ ይወርዳል። ምቱ ከቀለሙ በኋላ የመጣ ከሆነ ቀለሙ ጠርዙ ላይ ይሰነጠቃል፣ ወለሉም ያበራል። ፎርጅድ ሠሪው ይህን ስለሚያውቅ ወለሉን በኬሚካል ያጠቁረዋል፤ ግን የሁለቱ ጥቁረት አይመሳሰልም፤ አንዱ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ሌላው ወደ ግራጫ። በሌዘር የተቀረጸ ቁጥር ከሆነ ደግሞ ከንፈር የሚባል ነገር የለውም፤ ጥልቀቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው። የ1943 የሰው እጅ እንደዚያ እኩል አይመታም። አንዱ አሃዝ ይጠልቃል፣ አንዱ ያጋድላል፣ አንዱ ከመስመሩ ትንሽ ይወጣል።

እንጨት ላይ ሲሆን ሌላ ነው። አንገቱ ላይ ያለው ቁጥር ለዓመታት የአውራ ጣት ላብና የተልባ ዘይት የጠጣ ነው፤ የአሃዙ ጠርዝ የለሰለሰ፣ ወለሉ የጠቆረ መሆን አለበት። ጠርዙ ስል ከሆነ፣ ወለሉም የነጣ እንጨት ካሳየ፣ ተጠራጠሩ። ከዚያ ደግሞ እንጨቱና ብረቱ የሚገናኙበትን ስፌት በጣታችሁ ዳስሱ። ያልተነካ ሰደፍ እንጨቱ ከብረቱ ጥቂት ከፍ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ጣታችሁ ከብረት ወደ እንጨት ሲሄድ ወደ ታች ከወረደ፣ አንድ ሰው እዚያ በብርጭቆ ወረቀት ደክሟል። ምን ሊያጠፋ ፈልጎ ይሆን?

የቁጥር 32 መነጽር ቱቦ ላይ ያለው ጽሑፍም ይናገራል። የመጀመሪያው ማርክ (የተሻሻለበት ደረጃ) «ኦ ኤስ 466 ኤ»፣ ሁለተኛው «ኦ ኤስ 1650 ኤ»፣ ሦስተኛው «ኦ ኤስ 2039 ኤ» የሚል ይዟል። በጦርነቱ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ እየተሻሻሉ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ከፍ ይደረጉ ስለነበር፣ አሮጌው ጽሑፍ ተሰርዞ አዲሱ የተጻፈባቸው አሉ። እነዚህ ፎርጅድ አይደሉም፤ እንዲያውም በጣም የምወዳቸው ናቸው። ችግሩ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። የእንግሊዝ ጦር በ1970ዎቹ ኤል 42 ኤ 1 ለሚባለው ስናይፐር ጠብመንጃ ከእነዚሁ መነጽሮች ብዙዎቹን ቀይሮ «ኤል 1 ኤ 1» አላቸው። ያኔ የርቀት ማዞሪያው ከያርድ ወደ ሜትር ተለወጠ። ዛሬ አንዳንዱ ሰው ይህን የሜትር ማዞሪያ ነቅሎ የያርዱን ይተካና «የኖርማንዲ ነው»፣ ማለትም በ1944 ፈረንሳይ ውስጥ የተዋጋ ነው፣ ብሎ ይሸጠዋል። ስለዚህ ማዞሪያውን ከቱቦው ጋር አስተያዩ፦ የሁለቱ ያረጀ መልክ ይመሳሰላል? የቪቴው ራስ በካቻቪቴ ተቆርጧል? ቱቦው ላይ የተሰረዘ ጽሑፍ አለ ወይስ እዚያ ብቻ አዲስ ቀለም ተቀብቷል? ቀለም መቀባቱ ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ ጦሩ ራሱ በየወርክሾፑ ቀብቷል። ጽሑፍ ያለበትን ቦታ ለይቶ መቀባት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ባለፈው አንድ በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ወጣት ደወለልኝ። ፒዩ የሚባለውን የሶቪየት መነጽር የጫነ፣ ሞሲን የሚባል የሩሲያ ጠብመንጃ አግኝቶ ልቡ ሄዷል። «ጋሼ፣ ሁሉም ቁጥር ገጥሟል ይላል ሰውየው። ልግዛው?»

ፒዩ ከእንግሊዙ ጋር ሲተያይ የተለየ ዓለም ነው። 3.5 እጥፍ ያጎላል፣ ርዝመቱ 169 ሚሊሜትር፣ ክብደቱ 270 ግራም ብቻ ነው። የተወለደው ኤስ ቪ ቲ 40 ለሚባለው ሌላ የሶቪየት ጠብመንጃ ነበር፤ በ1942 ኮቼቶቭ የሚባል ሰው በነደፈው ማሰሪያ ወደ ሞሲን ተዛወረ፤ ከዚያ በገፍ ተመረተ። ከጦርነቱ በኋላ የሶቪየት ግምጃ ቤቶች እነዚህን ጠብመንጃዎች ፈትተው አደሱ። ያልገጠመውን ክፍል ቁጥሩን እየሰረዙ አዲስ መቱበት። የአንዳንዶቹን መነጽር ጨርሰው አወረዱና በግራ ጎናቸው ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች ደፍነው በየዱ፤ ረጅሙና የታጠፈው የመቀርቀሪያ እጀታም ወርዶ በተራው ተተካ፤ ጠብመንጃው ወደ ተራ እግረኛ መሣሪያነት ተመለሰ። ከሶቪየት መፍረስ በኋላ እነዚህ በርካሽ ወደ አሜሪካ ሲገቡ፣ አንዳንዱ ሰው የተበየደውን ቀዳዳ መልሶ በመሰርሰሪያ ከፍቶ፣ ከሌላ ቦታ የተገኘ መነጽር ጭኖ፣ «ስናይፐር» ብሎ መሸጥ ጀመረ።

ወጣቱን «መነጽሩን ከነማሰሪያው አውርድና ግራ ጎኑን አንሣልኝ» አልሁት። ሻጩ ፈቅዶለት ፎቶው መጣ። በቪቴዎቹ ዙሪያ ቀለበት የመሰለ ነገር ይታያል፦ የብየዳው ብረት ከቀረው አካል ጋር እኩል አልጠቆረም። ከቀዳዳዎቹ አጠገብ ያለው የመነጽር ቁጥርም ከጠብመንጃው ቁጥር ጋር በአንድ ዓይነት መምቻ የተመታ አይመስልም። አሮጌ ቁጥር ተሰርዞ ቢገኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ የተሰረዘ ምንም የለም።

«ታዲያ ፎርጅድ ነው ማለት ነው?» አለኝ፤ ድምፁ ቀዝቅዟል።

«ጠብመንጃው እውነተኛ ነው። መነጽሩም እውነተኛ ነው። አብሮ አደግ ግን አይደሉም» አልሁት። «የሁለቱን ዋጋ ለየብቻ ደምረህ ክፈል፤ ለገጠመው ቁጥር ብለህ የምትጨምረው ሳንቲም ግን አይኑር።»

ይህን ልዩነት ሰው ሁሉ እንዲይዘው እመኛለሁ። በዚህ ገበያ ላይ ሙሉ ለሙሉ ከአዲስ ብረት የተሠራ ቅጂም አለ፤ እሱን መለየት ይቀላል። አስቸጋሪው ከእውነተኛ ክፍሎች የተገጣጠመ ሐሰት ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ቢጠየቅ እውነቱን ይናገራል፤ ውሸቱ ያለው መገጣጠሚያው ላይ ነው።

የጀርመኖቹ ጉዳይ ከሁሉም ይከፋል። በጦርነቱ ጊዜ የፋብሪካዎቻቸውን ስም በሦስት ፊደል ሸፍነውት ነበር፦ «ቢ ኤል ሲ» የና ከተማ የነበረው የመነጽር ሠሪ ዛይስ ነው፣ «ዲ ዲ ኤክስ» ፎይክትሌንደር፣ «ሲ ኤክስ ኤን» ራተኖ ከተማ የነበረው ኤሚል ቡሽ። ጦሩ ለእግረኛ የሠራቸው እንደ ዜድ ኤፍ 41 ያሉ ነበሩ፤ ያ የሚያጎላው 1.5 እጥፍ ብቻ ነው። ስናይፐሮቹ እጅ የነበረው ብዙው መነጽር ግን ከአዳኞች መነጽር የማይለይ የንግድ ዕቃ ነበር። ስለዚህ ባቫሪያ ውስጥ አጋዘን ሲታደንበት የኖረ መነጽርና ምሥራቅ ግንባር የዋለ መነጽር ልዩነታቸው አንዲት ትንሽ ምልክት ልትሆን ትችላለች፤ ያችን ምልክት ለመምታት ደግሞ ደቂቃ አይፈጅም። የዋጋው ልዩነት ግን ብዙ እጥፍ ነው። የራሱ ማሰሪያና ማሰሪያውን የሚያውቅ ጠብመንጃ ከሌለው በቀር፣ ለእንዲህ ያለ መነጽር የአዳኝ ዋጋ ብቻ ነው የምከፍለው። ሻጭ ይቆጣል። ይቆጣ።

መስታወቱን ሰው ሁሉ መጀመሪያ ያያል፤ እኔ መጨረሻ ላይ ነው የማየው። የዚያ ዘመን ሌንሶች ጥንድ ጥንድ ሆነው የካናዳ በለሳን በሚባል የዛፍ ሙጫ ይጣበቁ ነበር። ሙጫው ሲያረጅ ከዳር ጀምሮ ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ ይላቀቃል፣ ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለም ያሳያል። ይህ ለተኳሽ ጉድለት ነው፤ ለእኔ ግን መነጽሩ እንዳልተከፈተ ከሚናገሩት ምስክሮች አንዱ ነው። ነጸብራቅ የሚቀንሰውን ሽፋን በ1935 ዛይስ ውስጥ የሠራው አሌክሳንደር ስማኩላ ነው፤ በዚያ ዘመን የተሸፈኑ ሌንሶች ቀለል ያለ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ መልክ አላቸው፣ ያልተሸፈኑት ነጭ ነጸብራቅ ይመልሳሉ። «1943» በሚል መነጽር ውስጥ ደማቅ አረንጓዴ ነጸብራቅ ካያችሁ ግን፣ ወይ መስታወቱ ተቀይሯል ወይ ዕቃው በሙሉ የቅርብ ጊዜ ቅጂ ነው፤ ብዙ ድርብ ሽፋን የተስፋፋው ከ1970ዎቹ ወዲህ ነውና። ሻጋታ ከሆነ ዝም አይባልም፤ መስታወቱን ይበላዋል። ቢሆንም በቤት ውስጥ ካቻቪቴ አይነሣበትም። የሚያውቅ ሰው እጅ ይግባ።

ዋጋን በተመለከተ ነጋዴዎች ከመስታወቱ ጥራት ይጀምራሉ፤ እኔ ከምስክርነቱ እጀምራለሁ። ጠብመንጃና መነጽር እርስ በርስ የሚመሰክሩ ከሆነ ዋጋው ከሁለቱ ድምር እጅግ በልጦ ይገኛል። ቀጥሎ ያልተነካ መልክ ነው፤ የተቧጨረ አሮጌ ቀለም ከሚያብረቀርቅ አዲስ ቀለም ይበልጣል። ከዚያ አብረው የኖሩ ዕቃዎች፦ የቁጥር 32 ቆርቆሮ መያዣ፣ ትልቁ የእንጨት ሣጥን። ሣጥን ግን ለብቻው ተገዝቶ ሊመጣ ስለሚችል፣ ቁጥር ከሌለበት ጥሩ ሣጥን ነው እንጂ ምስክር አይደለም። ታሪክ የሚባለውን ደግሞ በመጨረሻ ነው የምሰማው። «አያቴ ኖርማንዲ ካለችው ከካን ከተማ አምጥቶት ነው» የሚል ቃል ዋጋ የለውም፤ ቁጥሩን የጠቀሰ የዘመኑ ወረቀት ግን ከመስታወቱም ይበልጣል።

ይህን ሁሉ በአማርኛ መጻፍ የፈለግሁበት ምክንያት አለኝ። ከ2010ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከኢትዮጵያ ግምጃ ቤቶች የወጡ አሮጌ ጠብመንጃዎች አሜሪካ ገበያ ላይ እየተሸጡ ነው፤ የጣሊያን ካርካኖ፣ ሊ-ኤንፊልድ፣ የአንበሳ ምልክት ያረፈባቸው የቤልጂግ ሞዜሮች። ባዕድ አገር በአንድ አዳራሽ ጥግ ይህን ምልክት ድንገት ሲያዩት ሆድ ይባባል። ወገኖቼም እየገዟቸው ነው፤ ደስ ይለኛል። ግን ስሜታችንን የሚያውቅ ሻጭ አለ። ከእነዚህ በአንዱ ላይ መነጽር ተጭኖ ካያችሁ ቀዳዳውን ተመልከቱ፤ የቀዳዳው አፍ የሚያበራ ከሆነ፣ ከማሰሪያው ሥር ያለው ብረትም ከቀረው ጋር እኩል ካላረጀ፣ ያ መነጽር ኢትዮጵያን አያውቃትም። «ከቃኘው ሻለቃ የመጣ» የሚባልም ሊያጋጥም ይችላል። ቃኘው በ1951 ኮሪያ የደረሰው ከአሜሪካኖች ጋር ነው፤ አሜሪካኖቹም በዚያ ጦርነት 2.2 እጥፍ የሚያጎላውን ኤም 84 መነጽር ጋራንድ በሚባሉት የስናይፐር ጠብመንጃዎቻቸው ላይ ጭነዋል። ስለዚህ ወሬው ከሩቅ ሲሰማ ያሳምናል። ቁጥሩን የያዘ ወረቀት ከሌለ ግን የአባቶቻችንን ስም ለዋጋ ማስወደጃ አድርገን አንቀበል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ያሉት እነሱው ናቸው።

ከገዛችሁ በኋላም ቸኩላችሁ አታጽዱት። መጀመሪያ በየአቅጣጫው ፎቶ አንሡ፣ ቅባቱን ከነአፈሩ፣ ቪቴዎቹን እንዳሉ። የግድ የምትቀይሩት ነገር ካለ አሮጌውን አትጣሉት፤ ምን እንደተቀየረና መቼ እንደተቀየረ ጻፉ። እኔ ያለኝ ቁጥር 32 አንድ ቪቴ ጎድሎት ነበር የመጣው፤ በዘመኑ መጠን በቶርኖ አስቆርጬ ተካሁለት። የቪቴዋን ቦታና የተቀየረችበትን ዓመት በወረቀት ጽፌ ቆርቆሮ መያዣው ውስጥ አኑሬአለሁ። ነገ የሚገዛው ሰው በዚያ ወረቀት ምክንያት ዋጋ ይቀንስብኝ እንደሁ ይቀንስ።